ቀሪው ስንት ነው? ኮከብ ቆጠራ፣ ስብዕና እና የሕይወት አቅጣጫ ለውጥ

ከባሕር ዳር መሀል ከተማ ተነሥቶ የዓባይን ድልድይ የተሻገረ ሰው ዓባይ ማዶ ይደርሳል። ክረምቱ ወጥቶ ደመናው በተገፈፈባቸው የጥቅምትና የኅዳር ምሽቶች፣ በተለይም መብራት በጠፋበት ሰዓት፣ ከዚህ ሰፈር ቀና ብሎ ለተመለከተ ሰው ከዋክብቱ ቁልጭ ብለው ይታያሉ። እንዲህ ባለው ምሽት አንዲት የ2ኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በቤተሰቦቿ ደጃፍ ተቀምጣ እንደምታስብ እንገምት። የተመደበችበት የትምህርት ክፍል አልሆነላትም፤ ለመቀየር ትፈልጋለች፤ ነገር ግን ትፈራለች። እናቷ «እስቲ ኮከብሽ ይታይልሽ» ይሏታል። ጓደኛዋ ደግሞ የልደት ቀኗን በተንቀሳቃሽ ስልክ አስገብታ «አሁን የለውጥ ዘመንሽ ነው» የሚል መልስ ታሳያታለች። ሁለቱም ለእርሷ ያላቸው ፍቅር እውነተኛ ነው። መልሳቸውስ?

ጥያቄው የዚህች ተማሪ ብቻ አይደለም። «የአርባ ቀን ዕድሌ ነው» ብሎ ከጀመረው መንገድ የተመለሰ፣ «ኮከባችሁ አይገጥምም» ተብሎ የታጨችለትን የተወ፣ በአንጻሩም «ኮከብህ ብሩህ ነው» መባሉ ልብ ሰጥቶት አዲስ ሥራ የጀመረ ሰው በየሰፈሩ አለ። ስለዚህ ነገሩን በፌዝ ማለፍም ሆነ ሳይመረምሩ መቀበል ለወጣት አይበጅም። በዚህ ጽሑፍ የአገራችን ኮከብ ቆጠራ እንዴት እንደሚሠራ፣ በምዕራቡ ዓለም ከሥነ ልቦና ጋር እንዴት እንደተዳበለ፣ በሳይንስ ሲፈተን ምን ውጤት እንደተገኘ፣ በመጨረሻም የሰው ስብዕና በእርግጥ እንዴት እንደሚለወጥ በቅደም ተከተል እንመለከታለን።

ሁለት ስሌቶች፣ ሁለት ቀሪዎች

በአገራችን ኮከብ መቁጠር ሲባል ብዙ ሰው እንደሚመስለው ሰማይን መመልከት ማለት አይደለም። ዐውደ ነገሥት በመባል በሚታወቀው መጽሐፍ የተለመደው አሠራር የሚጀምረው ከስም ነው። እያንዳንዱ ፊደል የተወሰነለት ቁጥር አለው። የባለጉዳዩ ስምና የእናቱ ስም ፊደላት በቁጥር ተተክተው ይደመራሉ፤ ድምሩ ለ12 ይካፈላል፤ የሚተርፈው ቀሪ ኮከቡን ያመለክታል። ከ1 እስከ 12 ያሉት ከዋክብት ሐመል፣ ሰውር፣ ገውዝ፣ ሸርጣን፣ አሰድ፣ ሰንቡላ፣ ሚዛን፣ አቅራብ፣ ቀውስ፣ ጀዲ፣ ደለዊ እና ሑት ይባላሉ። ስሞቹ ከዐረብኛ የመጡ ሲሆኑ ትርጉማቸውም በግ፣ በሬ፣ አንበሳ፣ ሚዛን፣ ጊንጥ፣ ቀስት፣ ዓሣ እያለ ባቢሎናውያንና ግሪኮች በሰማይ ላይ ከሣሏቸው 12 ምስሎች ጋር ይገጥማል። እያንዳንዱም ኮከብ ከእሳት፣ ከመሬት፣ ከነፋስ ወይም ከውሃ ባሕርይ ይመደብና ለሰውየው ጠባይ መግለጫ ይሆናል።

ስሌቱን በምሳሌ እንመልከት። የአንድ ሰውና የእናቱ ስም ድምር 67 ሆነ እንበል። 67 ለ12 ሲካፈል 5 ደርሶ 7 ይቀራል፤ ስለዚህ ኮከቡ 7ኛው፣ ማለትም ሚዛን ነው። አሁን ከስሙ ፊደላት አንዱ በሌላ ተተክቶ ድምሩ በ3 ጨመረ እንበል። 70 ለ12 ሲካፈል 10 ይቀራል፤ ኮከቡም ጀዲ ሆነ። በአማርኛ ደግሞ ይህ በቀላሉ ይደርሳል። «ዓለሙ» በዓይኑ «ዓ» ሊጻፍ ይችላል፤ በአልፋው «አ» የሚጽፈውም ብዙ ነው። «ሠናይት» በንጉሡ «ሠ»፣ «ሰናይት» በእሳቱ «ሰ» ይጻፋል። በእነዚህ ፊደላት መካከል የቁጥር ልዩነት ካለ፣ የሰውየው ጠባይና የወደፊት ሕይወት የልደት ምስክር ወረቀቱን በሞላው ጸሐፊ የፊደል ምርጫ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል ማለት ነው። የክርስትና ስሙ ይቆጠር ወይስ የዓለም ስሙ? ስሙን በፍርድ ቤት ያስለወጠ ሰውስ ጠባዩ አብሮ ይለወጣል? ስሌቱ ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የለውም።

አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። በቀሪ ማስላት በራሱ ጥፋት አይደለም። የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት የአጽዋማትንና የበዓላትን ቀን የሚያወጡበት ባሕረ ሐሳብም የሚሠራው በቀሪ ነው። ለምሳሌ የ2016 ዓ.ም.ን እንውሰድ። 5500 ዓመተ ፍዳ ሲጨመርበት 7516 ይሆናል። ይህ ለ19 ሲካፈል 395 ደርሶ 11 ይቀራል። አንድ ሲቀነስ 10 ይሆናል፤ ይህም ወንበር ይባላል። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ ለ30 ሲካፈል የሚቀረው 20 አበቅቴ ነው፤ ወንበሩ በ19 ተባዝቶ ለ30 ሲካፈል የሚቀረው 10 ደግሞ መጥቅዕ ነው። የሁለቱ ድምር እንደ ደንቡ 30 ይሆናል። ከዚህ ተነሥቶ ጾመ ነነዌ የካቲት 18፣ ፋሲካም ሚያዝያ 27 ቀን 2016 ዓ.ም. ይውላል፤ ውሏልም።

ለምን 19 ተመረጠ? 19 የፀሐይ ዓመታት 6939.75 ቀናት ያህል ናቸው። 235 የጨረቃ ወራት ደግሞ 6939.69 ቀናት ያህል ይሆናሉ። ስለዚህ በየ19 ዓመቱ፣ ማለትም በየንዑስ ቀመሩ፣ ጨረቃ ወደ ቀድሞ ቀኗ ትመለሳለች። ቁጥሩ ከሰማይ የተወሰደ ነው። በሁለቱ መካከል አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ልዩነት ስላለ ስሌቱ በ300 ዓመት ገደማ ውስጥ ከእውነተኛዋ ጨረቃ አንድ ቀን ይርቃል። ይህ የባሕረ ሐሳብ ነውር ሳይሆን ክብሩ ነው። ስሕተቱ ሊለካ የሚችል ስሌት ዕውቀት ነውና። ማንም ሰው በጣና ዳር ቆሞ ጨረቃን በማየት ስሌቱን ሊያርመው ይችላል። የዐውደ ነገሥቱን ቀሪ ግን ምን ያርመዋል? በሰማይ ላይም ሆነ በምድር ላይ የሚመሳከርበት ነገር የለም። በሁለቱ ስሌቶች መካከል ያለው ትልቁ ልዩነት ይኸው ነው።

ኮከብ ቆጠራ የሥነ ልቦና ልብስ ሲለብስ

በምዕራቡ ዓለም የተለመደው ኮከብ ቆጠራ ከስም ሳይሆን ከልደት ቀን፣ ሰዓትና ቦታ ይነሣል። በ20ኛው መቶ ዓመት አንዳንድ ጸሐፊዎች ይህን ልማድ ከትንቢት አላቅቀው የራስን ማንነት መመርመሪያ ሊያደርጉት ሞከሩ። ዴን ሩዲያር እ.ኤ.አ. በ1936 ስለ ኮከብ ቆጠራና ስብዕና ያሳተመው መጽሐፍ ለዚህ አስተሳሰብ መሠረት ከጣሉት አንዱ ነው። ዝነኛው የስዊዘርላንድ የሥነ ልቦና ሊቅ ካርል ዩንግም በነገሩ ይመሰጥ ነበር። ኋላም ስዊዘርላንዳዊው ብሩኖ ሁበር ከባለቤቱ ከሉዊዝ ጋር «የኮከብ ቆጠራ ሥነ ልቦና» የተባለውን አካሄድ በሥርዓት አዘጋጀ።

በዚህ አካሄድ የልደት ሰማይ ሥዕል 12 «ቤቶች» አሉት። ሰው በእያንዳንዱ ቤት 6 ዓመት እየቆየ በ72 ዓመት ዙሩን ይጨርሳል፤ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ሲሻገር የሕይወት አቅጣጫው ይለወጣል ይባላል። ሌሎች ደግሞ ሳተርን ፀሐይን በ29 ዓመት ተኩል ገደማ ስለምትዞር፣ ሰው ወደ 30 ዓመት ሲጠጋ ፕላኔቷ ወደ ልደት ቦታዋ ተመልሳ ትልቅ ለውጥ ታመጣበታለች ይላሉ።

እነዚህ አባባሎች ለምን እንደሚማርኩ መረዳት አያዳግትም። በ18 ዓመት ገደማ ተማሪው 12ኛ ክፍልን ጨርሶ ከቤተሰብ ይለያል። በ24 ዓመት ገደማ ብዙው ተመርቆ ሥራ ይፈልጋል። በ30 ዓመት ገደማ ትዳር፣ ልጅና ኃላፊነት ይመጣል። በየ6 ዓመቱ አንድ የለውጥ ምልክት የሚተክል ሰው ሁልጊዜ አጠገቡ አንድ የሕይወት ክስተት አያጣም። የትምህርት ሥርዓቱና ማኅበራዊ ኑሮው የሠሩትን ለሳተርን መስጠት ግን ማስረጃ ይጠይቃል።

ሰማዩ ራሱ ምን ይላል?

በመጀመሪያ የሥነ ፈለክን ምስክርነት እንስማ። ምድር እንደ እንዝርት ስትሽከረከር ዛቢያዋ ራሱ ቀስ ብሎ ይዞራል፤ አንዱን ዙር ለመጨረስም 26,000 ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። ይህን እንቅስቃሴ ግሪካዊው ሂፓርኮስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2ኛው መቶ ዓመት ደርሶበታል። በዚህ ምክንያት የኮከብ ቆጠራው ሠንጠረዥ ከተደነገገበት ዘመን ወዲህ ፀሐይ በአንድ የተወሰነ ቀን የምትታይበት ቦታ ወደ አንድ ሙሉ ምስል ለሚጠጋ ርቀት ተንሸራትቷል።

ለምሳሌ በእንቁጣጣሽ ዕለት፣ መስከረም 1 ቀን፣ የተወለደ ሕፃን በምዕራቡ ሠንጠረዥ መሠረት ኮከቡ ሰንቡላ ነው። ነገር ግን በዚያ ዕለት ፀሐይ በእርግጥ ያለችው በአሰድ ከዋክብት አቅጣጫ ነው። ከዚህም በላይ ፀሐይ በ12 እኩል ክፍሎች ውስጥ አትጓዝም። በሰንቡላ ምስል ወሰን ውስጥ 45 ቀን ገደማ ስትቆይ በአቅራብ ውስጥ የምትቆየው 7 ቀን ገደማ ብቻ ነው። ከዚያም እባብ የያዘ ሰው በሚመስል፣ በሠንጠረዡ ባልተቆጠረ 13ኛ ምስል ውስጥ 18 ቀን ያህል ታሳልፋለች። ያው ሕፃን በስሙና በእናቱ ስም ሲቆጠርለት ደግሞ ሦስተኛ ኮከብ ሊወጣለት ይችላል። ከሦስቱ የትኛው ነው ጠባዩን የሚወስነው?

ሁለተኛው ጥያቄ የኃይል ጥያቄ ነው። ማርስ ለምድር እጅግ በምትቀርብበት ጊዜ እንኳ 56 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። በኒውተን የስበት ሕግ ቢሰላ፣ 70 ኪሎ ግራም የምትመዝን አዋላጅ በ30 ሴንቲ ሜትር ርቀት ሆና በሚወለደው ሕፃን ላይ የምታሳርፈው ስበት ማርስ ከምታሳርፍበት ወደ 4 እጥፍ ይበልጣል። ቁጥሮቹ በማንኛውም የፊዚክስ መጽሐፍ ስለሚገኙ አንባቢ ራሱ ሊያረጋግጠው ይችላል። የፕላኔት ስበት ስብዕናን የሚቀርጽ ቢሆን ኖሮ የአዋላጇ ክብደት አስቀድሞ በተመዘገበ ነበር።

በፈተና ሚዛን ላይ

«ምክንያቱን ባናውቅም ይሠራል» የሚል ሰው ይኖራል። ተገቢ ክርክር ነው፤ አስፕሪን እንዴት እንደሚሠራ ከመታወቁ በፊት ሕመም ያስታግስ ነበርና። ስለዚህ ወደ ፈተና እንሂድ።

ዩንግ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1952 ባሳተመው ጥናት የባልና ሚስት የልደት ሥዕሎችን አነጻጽሯል። በመጀመሪያዎቹ 180 ጥንዶች ላይ የሚያስገርም መገጣጠም የታየ መሰለው። ከዚያ 220፣ ቀጥሎም 83 ጥንዶች ሲጨመሩ መገጣጠሙ እየደበዘዘ ሄዶ ከአጋጣሚ የማይለይ ሆነ። ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ በትንሽ ናሙና ላይ የሚታይ ድንቅ ነገር ናሙናው ሲያድግ ብዙ ጊዜ ይከስማል።

እ.ኤ.አ. በ1985 ደግሞ ሾን ካርልሰን የተባለ የፊዚክስ ተመራማሪ ኔቸር በተሰኘው ታላቅ የሳይንስ መጽሔት ላይ የበለጠ ጥብቅ ፈተና አሳተመ። በባልንጀሮቻቸው ዘንድ የተመሰገኑ 28 ኮከብ ቆጣሪዎች ተሳትፈዋል። ለእያንዳንዱ የልደት ሥዕል ሦስት የስብዕና መጠይቅ ውጤቶች ቀረቡላቸው፤ ከሦስቱ አንዱ የባለልደቱ ነበር። የማን የማን እንደሆነ ፈታኙም ተፈታኙም በወቅቱ እንዳያውቁ ተደርጓል። ቆጣሪዎቹ ቢያንስ ግማሹን በትክክል እንመርጣለን ብለው ነበር። ያገኙት ከሦስት አንዱን ገደማ ነው፤ ይህም ዓይኑን ጨፍኖ የሚመርጥ ሰው የሚያገኘው ነው።

ከሁሉ ይልቅ ለተማሪዎች ትልቅ ትምህርት የሚሰጠው ሌላ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 ታዋቂው የሥነ ልቦና ሊቅ ሃንስ አይዘንክና ሁለት ባልደረቦቹ ከ2,000 በላይ ሰዎችን መርምረው የልደት ኮከብና ተግባቢነት ጥቂት እንደሚዛመዱ አሳተሙ። ኮከብ ቆጣሪዎች ተደሰቱ። ነገር ግን ቀጣይ ጥናቶች ጉዳዩን ሲመረምሩ ዝምድናው የሚታየው ስለ ኮከባቸው አስቀድመው በሚያውቁ ሰዎች ዘንድ ሆኖ ተገኘ፤ በማያውቁት ዘንድ ጠፋ። «ኮከብህ ተግባቢ ነው» እየተባለ ያደገ ሰው መጠይቁን ሲሞላ ራሱን ተግባቢ ብሎ ይገልጻል ማለት ነው። ሰውየውን የቀረጸው ስለ ኮከቡ የተነገረው ቃል ነበር።

ታዲያ ለምን ልክ ይመስለናል?

እ.ኤ.አ. በ1948 በርትራም ፎረር የተባለ አሜሪካዊ መምህር ለ39 ተማሪዎቹ የስብዕና ፈተና ሰጠ። ከሳምንት በኋላ ለእያንዳንዳቸው «የግል ውጤታችሁ» ብሎ ወረቀት አደለና ከ0 እስከ 5 ለትክክለኛነቱ ነጥብ እንዲሰጡ ጠየቀ። አማካዩ 4.26 ሆነ። ከዚያ በኋላ ነው ምሥጢሩ የወጣው፤ ሁሉም የተቀበሉት አንድ ዓይነት ጽሑፍ ነበር፤ አብዛኛውም ከኮከብ ቆጠራ መጽሐፍ የተለቀመ ነው። «በውጭ የተረጋጋህ ብትመስልም በውስጥህ ትጨነቃለህ»፣ «ያልተጠቀምክበት ብዙ ችሎታ አለህ» በሚል ዓይነት ቃል ራሱን የማያይ ማነው? ሰው በምጥ ላይ ሆኖ፣ ሕይወቱ መስቀለኛ መንገድ ላይ ቆሞ ሲሰማው ደግሞ የበለጠ ለእርሱ የተነገረ ይመስለዋል።

ሁለተኛው ምክንያት የማስታወስ አድልዎ ነው። «ሰኔና ሰኞ ገጠመበት» የሚለውን አነጋገር እንውሰድ። ሰኔ 1 ቀን ሰኞ የሚውለው በ28 ዓመት ውስጥ 4 ጊዜ ሲሆን 2001፣ 2007፣ 2012 እና 2018 ዓ.ም. ከእነዚህ ዓመታት ናቸው። የሚገጥመውም በአንድ ጊዜ ለአገሩ ሕዝብ ሁሉ ነው። በዚያው ዓመት ያገባው፣ የተመረቀው፣ የከበረው ሰው ሰኔና ሰኞን አያነሣም። የከሰረው ግን ያነሣል፤ እኛም የሰማነውን ብቻ እንቆጥራለን። የተሳካ ትንቢት ለልጅ ልጅ ይነገራል፤ ያልተሳካው ወሬ እንኳ አይሆንም።

ሦስተኛው ከባዱ ነው። ቃል ራሱን ይፈጽማል። «ኮከብሽ ከቁጥር ነገር አይስማማም» የተባለች ተማሪ ለሒሳብ ፈተና የምታጠናበትን ሰዓት ትቀንሳለች፤ ትወድቃለች፤ «ተነግሮኝ ነበር» ትላለች። እዚህ ላይ ኮከብ ቆጠራ ጨዋታ መሆኑ ያበቃል። የአንድን ወጣት በር ዘግቷልና።

ሰው በእርግጥ እንዴት ይለወጣል?

መልካሙ ዜና ስብዕና በልደት ቀን ታትሞ የሚቀር ማኅተም አለመሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ብሬንት ሮበርትስና ባልደረቦቹ አንድን ሰው ለዓመታት እየተከታተሉ የተሠሩ 92 ጥናቶችን አንድ ላይ መረመሩ። ባጠቃላይ ሰዎች ዕድሜያቸው ሲገፋ ይበልጥ ትጉና ይበልጥ በስሜታቸው የተረጋጉ ይሆናሉ፤ ትልቁም ለውጥ የሚታየው ከ20 እስከ 40 ባለው ዕድሜ ነው። ስለዚህ በ2ኛ ዓመት ተማሪነት «እኔ እንዲህ ነኝ፤ አልለወጥም» ማለት ጭቃው ሳይደርቅ ሸክላው ተተኮሰ እንደማለት ነው።

ለውጥ መነሻ ቀን ይወዳል። ሄንግቸን ዳይና ሁለት ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት ጥናት ሰዎች በሳምንት፣ በወር፣ በትምህርት ወቅት መጀመሪያና ከልደታቸው ቀን በኋላ ወደ ስፖርት ማዘውተሪያ በብዛት እንደሚሄዱ አሳይተዋል። አዲስ ምዕራፍ የከፈተ የመሰለው ሰው ያለፈ ድክመቱን ከኋላው ትቶ ለመነሣት ድፍረት ያገኛል። እኛ ለዚህ ከጥንት የተዘጋጀ ቀን አለን፤ ጳጉሜን ታጥቦ፣ ችቦ አብርቶ፣ በአደይ አበባ መካከል መስከረምን መቀበል። «የለውጥ ዘመንሽ ነው» የሚለው የኮከብ ቆጣሪ ቃል ኃይል ቢኖረው፣ ኃይሉ የሚመጣው ከዚሁ የመነሻ ስሜት ነው። ኮከቡ ባይኖርም መነሻው ይሠራል።

መነሻ ብቻውን ግን አይበቃም። ናታን ሃድሰንና ክሪስ ፍሬሊ እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳተሙት የ16 ሳምንት ጥናት ተማሪዎች ራሳቸው በመረጡት አቅጣጫ ስብዕናቸውን በመጠኑ ሊለውጡ እንደሚችሉ አሳይተዋል። የረዳቸው የተቆረጠ ዕቅድ ነበር። «ተግባቢ እሆናለሁ» ማለት ሰውን የትም አያደርስም። «ማክሰኞ ከላቦራቶሪ ስወጣ አጠገቤ የተቀመጠውን ልጅ ሰላም ብዬ ስለ ሥራው እጠይቀዋለሁ» ማለት ግን ይረዳል፤ ጊዜው፣ ቦታውና ድርጊቱ ተለይተዋልና።

ሦስተኛው መሣሪያ ብዕር ነው። ጄምስ ፔንቤከር ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሰዎች በልባቸው የያዙትን ከባድ ነገር በተከታታይ ቀናት ለ15 ደቂቃ ገደማ እንዲጽፉ በማድረግ ጥቅሙን መርምሯል። እርሱ በተሳተፈበትና እ.ኤ.አ. በ1994 በታተመ አንድ አነስተኛ ጥናት፣ ከሥራ ከተቀነሱ ባለሙያዎች መካከል ስለ ደረሰባቸው ነገር ያላቸውን ስሜት የጻፉት ካልጻፉት ይልቅ ቶሎ አዲስ ሥራ አግኝተዋል።

እነዚህን ሦስቱን ስናስተውል ኮከብ ቆጣሪ ዘንድ የሄደ ሰው አንዳንዴ ቀሎት የሚመለስበት ምክንያት ይገለጥልናል። ቆም ብሏል፤ ችግሩን በቃል ገልጿል፤ አንድ ሽማግሌ ጊዜ ሰጥቶ አዳምጦታል፤ «ይህ ክፉ ጊዜ ያልፋል» ተብሏል። እነዚህ ሁሉ እውነተኛ መድኃኒቶች ናቸው። ከመካከላቸው በከዋክብት የሚሠራ ግን አንድም የለም። መድኃኒቱን ከታላቅ ወንድም፣ ከመምህር፣ ከንስሐ አባት፣ ከዩኒቨርሲቲው የምክር አገልግሎት ማግኘት ይቻላል፤ በሩም አይዘጋብንም። ጭንቀቱ እንቅልፍ የሚነሣ፣ ለሳምንታት የሚዘልቅ ከሆነ ደግሞ ወደ ጤና ባለሙያ መሄድ የግድ ነው።

በመኝታ ክፍል የሚሠራ ሙከራ

የጻፍነውን ሁሉ አምናችሁ እንድትቀበሉ አንጠይቅም፤ ፈትኑት። የ12ቱን ከዋክብት የጠባይ መግለጫ በ12 ወረቀት ገልብጡ፤ የኮከቡን ስምና «በሬ»፣ «አንበሳ» የመሰሉ ጠቋሚ ቃላትን አውጡ። ወረቀቶቹን በዕጣ ቁጥር ስጧቸው፤ ቁልፉንም በሙከራው ላይ የማይገኝ ሰው ይያዘው። ከዚያ 36 ተማሪዎች «እኔን ይበልጥ የሚገልጸው ይህ ነው» የሚሉትን አንድ አንድ ወረቀት ይምረጡ። በአጋጣሚ ብቻ ቢሆን ኮከቡን የሚያገኘው ከ12 አንዱ፣ ማለትም 3 ተማሪ ገደማ ነው። 4 ወይም 5 ቢያገኙ አትገረሙ፤ የአጋጣሚ ተራ መዋዠቅ ነው። 15 ቢያገኙ ግን ሙከራውን ድገሙት፤ ደግማችሁም ካገኛችሁ ጻፉልን፤ ይህ መጽሔት በደስታ ያትመዋል።

ወደ ዓባይ ማዶዋ ተማሪ እንመለስ። እርሷም ቀሪ ማስላት ትችላለች፤ ግን የሚመሳከር ቀሪ ይሁን። ያለችበትን ትምህርት ለመጨረስ የቀራት ስንት ኮርስ ነው? ወደ ሌላው ብትዛወር የሚያዝላት ስንቱ ነው፤ የሚጨመርባትስ ስንት ዓመት ነው? የማመልከቻው ቀን ሊያልፍ የቀረው ስንት ሳምንት ነው? ልትገባበት ከምትፈልገው የትምህርት ክፍል አንድ መምህርና ሁለት ከፍተኛ ተማሪዎች አነጋግራ፣ አንድ ክፍለ ጊዜ ገብታ አዳምጣ፣ ያሰበችውን በጽሑፍ አስፍራ፣ ከስድስት ወር በኋላ «ልክ ነበርኩ ወይስ ተሳሳትኩ?» ብላ ልታየው ትችላለች። ልትሳሳትም ትችላለች። ስሕተቷ ግን እንደ ባሕረ ሐሳቡ ስሕተት የሚለካና የሚታረም ይሆናል።

ማታም ወደ ደጃፏ ወጥታ ከዋክብቱን ትመልከት። ስለ እርሷ ጠባይ የሚነግሯት ነገር የለም፤ ስለ ራሳቸው ግን ገና ያልተነገረ ብዙ አላቸው። ምናልባት ልትማረው የምትፈልገው ትምህርት ይህ ቢሆንስ?